ደመናው የማን ነው? የኪራይ ኮምፒዩተር ጥቅምና ወጪ ሲመዘን

ማናቸውም አዲስ የሥራ መሣሪያ ወደ ኅብረተሰቡ ሲገባ ሁለት ጥያቄዎችን አስከትሎ ይገባል። አንደኛው መሣሪያው ምን ያህል ድካም ያቃልላል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ድካሙ በመቃለሉ የሚከፈለው ዋጋ ለማን፣ እስከ መቼና በምን ውል ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሻጩ ራሱ ሳይጠየቅ አሳምሮ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ግን ገዥው ካልጠየቀ ማንም አያነሣለትም።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየባንኩና በየፋብሪካው የሒሳብ ክፍል፣ ከዚያም አልፎ በቁጠባና ብድር ማኅበራትና በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ ሳይቀር መነጋገሪያ የሆነው «ክላውድ» የተሰኘው የኮምፒዩተር አገልግሎት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሊመረመር ይገባዋል። ክላውድ ማለት ደመና ማለት ነው። ስሙ ግን ያሳስታል። ደመና ባለቤት የለውም፤ ዝናቡንም ያለ ሒሳብ ያወርዳል። ይህኛው ደመና ባለቤት አለው፤ በምድር ላይ የተሠራ ሕንፃ አለው፤ የመብራት ቆጣሪ አለው፤ በየወሩ የሚላክ የክፍያ ሰነድም አለው።

ጉዳዩ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የማኅበሩ አባል የቁጠባ ሒሳብ፣ የሠራተኛው የደመወዝ መዝገብ፣ የነዋሪው ማኅደር በማን መዝገብ ቤት እንደሚቀመጥና በማን ፈቃድ እንደሚከፈት የሚወስን ጉዳይ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጁን አውጥቶ በጀት የሚያጸድቅ አባል ምን እንደሚያጸድቅ ማወቅ መብቱም ግዴታውም ነው። ስለሆነም የነገሩን ምንነት፣ ጥቅሙንና ወጪውን ቀጥሎ እንመረምራለን።

ምንነቱ

ነገሩን በቅርባችን ካለው ወፍጮ ቤት ብንጀምር ይገባናል። በወር አንድ ኩንታል ጤፍ የሚያስፈጭ ቤተሰብ የራሱን ወፍጮ አይገዛም። እህሉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ በኪሎ ከፍሎ ዱቄቱን ይዞ ይመለሳል። ሞተሩ ቢቃጠል፣ ድንጋዩ ቢያልቅ፣ መብራት ቢጠፋ ጭንቀቱ የባለ ወፍጮው ነው። በየቀኑ በርካታ ኩንታል የሚያስፈጭ ዳቦ ቤት ግን የራሱን ወፍጮ መትከል እንደሚያዋጣው ቁጭ ብሎ ማስላት አለበት። ክላውድም በመሠረቱ ይኸው ነው። ድርጅቱ ኮምፒዩተሩን ከመግዛት ይልቅ በሩቅ ካለ ታላቅ የመረጃ ማዕከል የማስላት ኃይልና የማከማቻ ቦታ ይከራያል፤ በተጠቀመበት ሰዓትና መጠን ይከፍላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1961 ኮምፒዩተር አንድ ቀን እንደ ስልክ የሕዝብ አገልግሎት ሆኖ ሊደራጅ እንደሚችል አመልክቶ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር እጅግ ውድ ስለነበር ብዙ ተጠቃሚዎች አንዱን መሣሪያ በተራ ይጋሩት ነበር። በኋላ መሣሪያው ረክሶ በየጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ፣ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ክፍል አዘጋጅቶ ሰርቨር መትከል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የማከማቻና የማስላት አገልግሎቱን በኪራይ ለሕዝብ ሲያቀርብ ነገሩ ዞሮ ወደ ቀድሞው መጋራት ተመለሰ። አሁን ግን የሚጋራው ሰው በመላው ዓለም የተበተነ፣ ባለ መሣሪያዎቹም ጥቂቶች ናቸው። አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ሦስቱ ብቻ ከዓለም የክላውድ መሠረተ ልማት ገበያ ከግማሽ የሚበልጠውን ይዘዋል።

ጥቅሙ

ከጥቅሙ እንነሣ፤ ጥቅሙን መካድ ከእውነታው ጋር መጣላት ነውና።

አንደኛ፣ ክላውድ በአንድ ጊዜ የሚፈስ ትልቅ ካፒታልን ወደ አነስተኛ ወርኃዊ ወጪ ይለውጣል። አዲስ የተመሠረተ ማኅበር ሥራውን ገና ሳይጀምር ለሰርቨር፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለጄኔሬተርና ለባትሪ ገንዘብ ማፍሰስ አይገደድም። ሥራው ካልተሳካም ኪራዩን አቋርጦ ይወጣል፤ አቧራ የሚጠጣ ብረት በመጋዘን አይቀርበትም።

ሁለተኛ፣ ሥራው ሲበዛ ማስፋት፣ ሲቀንስ ማጥበብ ይቻላል። የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ቀን በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ አድራሻ ሲጎርፉ፣ ያንን ቀን ለመቋቋም የሚበቃ መሣሪያ የገዛ መሥሪያ ቤት በቀሩት ቀናት መሣሪያው ሥራ ፈትቶ ይቆምበታል። ተከራዩ ግን ለዚያ ቀን ብቻ ጨምሮ ይከራያል።

ሦስተኛ፣ ታላላቆቹ ማዕከሎች የእሳት መከላከያ፣ ተጠባባቂ ኃይልና ሌት ተቀን ተረኛ ባለሙያ አሏቸው። አንድ አነስተኛ ድርጅት ይህንን በራሱ አቅም አያሟላም። በደረጃ ሥር በተሠራች ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ተከፍቶላት፣ ከጽሕፈት መሣሪያ ካርቶን ጋር ተደባልቃ የምትሠራ ሰርቨር ያላየ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የለም።

ይህን ጥቅም በሚገባ የተገለገለበት ድርጅት ምሳሌ ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም አከራይ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዋነኛው የመረጃ ቋቱ ተበላሽቶ ለሦስት ቀናት ለደንበኞቹ ዲቪዲ መላክ አቃተው። ከዚያ በኋላ ሥራውን ወደ አማዞን ክላውድ ማዛወር ጀመረ። ዝውውሩ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ዓመታቱን ልብ ይበል! ገንዘብም የሠለጠነ የሰው ኃይልም ያልጎደለው ኩባንያ ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል። በአንድ በጀት ዓመት «ወደ ክላውድ ተዛውረን እንጨርሳለን» ብሎ ዕቅድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ከዚህ ብዙ ሊማር ይችላል።

ወጪው

አሁን ደግሞ ወደ ሚዛኑ ሌላ ወገን እንሻገር። የአማዞን የክላውድ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2024 ካስገባው 107.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ ውስጥ 39.8 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ የሥራ ትርፍ ነበር። ይህም ተከራዩ ከሚከፍለው ከእያንዳንዱ መቶ ብር ውስጥ ሠላሳ ሰባት ያህሉ መብራት፣ መሣሪያና ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለባለቤቱ የተረፈ ነው ማለት ነው። በብዛት መግዛትና በብዛት መሥራት የሚያስገኘው ቁጠባ በእርግጥ አለ፤ ከዚህ ቁጠባ ለተከራዩ የሚደርሰው ግን በከፊል ብቻ ነው።

በመሆኑም ሥራቸው ጸንቶ የቆመ፣ መጠኑም ከወር ወር ብዙ የማይዋዥቅ አንዳንድ ድርጅቶች ሒሳባቸውን እንደገና ሠርተው ከኪራዩ ወጥተዋል። ድሮፕቦክስ የተባለው የፋይል ማከማቻ ኩባንያ አብዛኛውን የተጠቃሚዎቹን መረጃ ከአማዞን አውጥቶ በራሱ መሣሪያዎች ላይ ካስቀመጠ በኋላ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2018 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ ሲዘጋጅ ባቀረበው ሰነድ ገልጿል። ሠርቲ ሰቨን ሲግናልስ የተባለ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለክላውድ 3.2 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉን ይፋ አድርጎ፣ በ700 ሺሕ ዶላር ገደማ የራሱን ሰርቨሮች ገዝቶ አብዛኛውን ሥራውን ወደዚያ አዛውሯል። የኔትፍሊክስም የእነዚህም ውሳኔ ትክክል ሊሆን ይችላል። የሥራቸው ጠባይ ይለያያልና የአንዱ መልስ ለሌላው መልስ አይሆንም።

የአገራችን ድርጅቶች ከዚህ በላይ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለባቸው፤ እርሱም የውጭ ምንዛሪ ነው። የታላላቆቹ ኩባንያዎች ኪራይ የሚታሰበው በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በዚያን ዕለት የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህ ለውጥ በአንድ ማኅበር ሒሳብ ላይ የሚያደርሰውን ለማየት የሚከተለውን ለምሳሌ ያህል እናስላ።

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ሰርቨር በ600 ሺሕ ብር ሊገዛ ይችላል እንበል። በዓመት ሲካፈል 120 ሺሕ ብር ይሆናል። ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለጥገናና ለትርፍ ሰዓት ባለሙያ 80 ሺሕ ብር ቢጨመር የዓመቱ ወጪ 200 ሺሕ ብር ነው። በሌላ በኩል ያንኑ ሥራ በወር በ150 ዶላር ኪራይ ማሠራት ይችላል እንበል። ዶላሩ 57 ብር ሳለ የዓመቱ ኪራይ 102 ሺሕ 600 ብር ነው። ስለዚህ መከራየት በግማሽ ያህል ይረክሳል፤ ጉባኤውም አጨብጭቦ ያጸድቃል። ዶላሩ 130 ብር ሲደርስ ግን ያው ኪራይ 234 ሺሕ ብር ይሆናል። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የአባሉ ቁጥር አልጨመረም፤ ሥራው ያው ነው። የተገላበጠው ሚዛኑ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «መግዛት ሁልጊዜ ይሻላል» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ሰርቨሩም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። በአዲሱ ምንዛሪ የሚገዛ ማኅበር ዋጋውም በዚያው መጠን ይወደድበታል። ልዩነቱ ያለው በጊዜው ላይ ነው። የገዛ ድርጅት የምንዛሪ ለውጥ የሚነካው መሣሪያውን በሚተካበት ወቅት ሲሆን፣ የተከራየ ግን በየወሩ ይነካዋል። ስለዚህ በዶላር የሚከራይ ድርጅት በጀቱን ሲይዝ የዛሬውን ምንዛሪ ብቻ ሳይሆን የከፋውንም ዓመት አስቦ መያዝ አለበት።

በክፍያ ሰነዱ ጀርባ የሚቀመጡ ሌሎች ወጪዎችም አሉ። ብዙ አቅራቢዎች መረጃ ወደ እነርሱ ሲገባ አያስከፍሉም፤ ሲወጣ ግን በመጠኑ ያስከፍላሉ። በሩ ለገቢ የተከፈተ፣ ለወጪ ኬላ ያለበት ነው ማለት ነው። ይህ አሠራር ብዙ ወቀሳ ካስነሣ በኋላ፣ ሦስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 አገልግሎታቸውን ጨርሶ ለሚለቅ ደንበኛ የመውጫ ክፍያውን እንደሚያነሡ አስታውቀዋል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 12 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የመረጃ ሕግ፣ ከአንድ አቅራቢ ወደ ሌላው ለመዛወር የሚጠየቀው ክፍያ ከጥር 12 ቀን 2027 ጀምሮ ፈጽሞ እንዲቀር ደንግጓል። ሆኖም ዋናው የመውጫ ወጪ በሰነድ ላይ አይጻፍም። አንድ ድርጅት ፕሮግራሙን የአንዱ አቅራቢ ብቻ በሆነ መሣሪያ ላይ ከሠራው፣ ለመውጣት ሲፈልግ ሥራውን ከመሠረቱ እንደገና መሥራት ግድ ይሆንበታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ሳያስፈልግ የተገባበት ውል ቆይቶ ይከብዳል።

ዋስትናው

ወጪው በገንዘብ ብቻ አይለካም። «መረጃው በሩቅ ካለ ይጠበቃል» የሚለው እምነትም «በእጄ ካለ ይጠበቃል» የሚለው እምነትም በተጨባጭ ድርጊቶች መፈተን አለባቸው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው የአውሮፓ የክላውድ ኩባንያ ማዕከል በእሳት ተያይዞ አንድ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። መጠባበቂያ ቅጂያቸውን በዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አብረው አጡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ደግሞ ከ600 ሺሕ በላይ አባላት ያሉት ዩኒሱፐር የተሰኘ የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ፣ ጉግል ዘንድ ያለው የክላውድ አገልግሎቱ በአቅራቢው ስሕተት ተሰርዞበት አባላቱ ከሳምንት በላይ ሒሳባቸውን ማየት አልቻሉም። ፈንዱ ከሌላ አቅራቢ ዘንድ ያስቀመጠው ቅጂ ስለነበረው ዳነ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 2025 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ባለው የአማዞን ማዕከል፣ አድራሻ በሚያከፋፍለው ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ብልሽት ከባንክ እስከ ጨዋታ ድረስ በዓለም ዙሪያ ብዙ አገልግሎቶች ለበርካታ ሰዓታት ተቋርጠዋል።

«እንግዲያውስ ሁሉንም በራሳችን እጅ እንያዘው» ለሚሉ ደግሞ የደቡብ ኮሪያን ትምህርት እናቀርባለን። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2025 በዴጆን ከተማ የሚገኘው የመንግሥቱ የራሱ የመረጃ ማዕከል፣ የኃይል መጠባበቂያ ባትሪዎች ሲነሡ በተፈጠረ እሳት ተቃጥሎ ከ600 የሚበልጡ የመንግሥት አገልግሎቶች ቆሙ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን ያኖሩበት የነበረው ጂ-ድራይቭ የተባለ ማከማቻም ከነያዘው 858 ቴራባይት መረጃ ጠፋ። ከግቢው ውጪ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ባለቤትነቱ የአገሪቱ፣ ባለሙያውም የአገሪቱ ነበር፤ በቴክኖሎጂም ከዓለም ፊተኞች አንዷ ናት። ሁለተኛ ቅጂ ያለማስቀመጥን ጉድለት ግን ባለቤትነት ሊያካክሰው አልቻለም።

ከእነዚህ አራት ድርጊቶች የምንወስደው ትምህርት አንድና ግልጽ ነው። አደጋ በኪራዩም በግሉም ይደርሳል። የዳነና የጠፋውን የለየው በሌላ ሥፍራ፣ በሌላ እጅ የተቀመጠ፣ ተሞክሮም የሚከፈት ቅጂ መኖርና አለመኖር ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣው የኃላፊነት ጥያቄ ነው። በክላውድ ውል ውስጥ አከራዩ የሚጠብቀው ሕንፃውን፣ መሣሪያውንና መሠረቱን ነው። የቤቱን ቁልፍ መያዝ፣ ማን እንዲገባና ማን እንዳይገባ መወሰን የተከራዩ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ካፒታል ዋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ በአማዞን ክላውድ ላይ ባስቀመጠው መረጃ ላይ በደረሰ ዘረፋ፣ አንድ መቶ ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያንና ስድስት ሚሊዮን ያህል ካናዳውያን የግል ማስረጃቸው ተጋልጧል። ለዘረፋው በር የከፈተው ባንኩ የራሱን መከላከያ በትክክል ባለማስተካከሉ ነበር። እንግዲህ የተከራየ ድርጅት ባለሙያውን ሊያሰናብት ይችላል የሚለው ስብከት ሐሰት መሆኑ ከዚህ ይታያል። ሰርቨር የሚያነሣና የሚጥል ሠራተኛ ቢቀንስም፣ ውል የሚመረምር፣ ቁልፍ የሚጠብቅ፣ የወሩን ፍጆታ የሚቆጣጠር ሠራተኛ ያስፈልጋል። ይህን ሠራተኛ ያሰናበተ ድርጅት እህሉን ለወፍጮ ቤት ሰጥቶ ሚዛኑን ሳያይ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው ነው።

የአገራችን ሁኔታ

በአገራችን ተጨባጭ ሁኔታ ሦስት ነገሮች ተለይተው ሊታዩ ይገባል።

የመጀመሪያው መስመሩ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024 በደቡብ አፍሪካ ማዕከሎቻቸውን ከፍተዋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደዚያም ሆነ ወደ አውሮፓ የሚሄድ መረጃ፣ የባሕር በር ከሌላት አገራችን በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ሥር መስመሮች መሻገር አለበት። መስመሩ ሲቆረጥ ሰርቨሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ሥራው ይቆማል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ሥራቸውን ሁሉ ከአገር ውጭ ባለ አገልግሎት ላይ ያደረጉ ድርጅቶች ምን እንደሚገጥማቸው ታይቷል። መዝገቡን በሩቅ ያስቀመጠ ማኅበር መስመር በሌለበት ዕለት ለአባሉ ገንዘቡን የሚከፍልበት፣ ደረሰኝ የሚቆርጥበት መንገድ አስቀድሞ ሊኖረው ይገባል። የወረቀቱ መዝገብ በዚህ ረገድ ገና ጡረታ አልወጣም።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚያስኬድ ድርጅት ያለበትን ግዴታ፣ መረጃው ወደ ውጭ አገር የሚተላለፍበትንም ሁኔታ ደንግጓል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በሌላ በኩል አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ የአሜሪካ ኩባንያዎች በእጃቸው ያለውን መረጃ፣ ሰርቨሩ በሌላ አገር ቢሆንም እንኳ፣ በሕጋዊ ትእዛዝ ሲጠየቁ እንዲያቀርቡ ታስገድዳለች። ስለዚህ «ሰርቨሩ የት አገር ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ባለቤቱ ለማን ሕግ ይገዛል?» የሚለውም መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው የአገር ውስጥ አማራጭ ነው። በአዲስ አበባ የአይሲቲ ፓርክ የግል የመረጃ ማዕከሎች ተሠርተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ማቅረብ ጀምሯል። መረጃው በአገር ውስጥ ሲቀመጥ የመስመሩ ርቀት ያጥራል፤ ክርክር ቢነሣም ጉዳዩን የሚያየው የአገር ፍርድ ቤት ነው። ይህ ማለት ግን የአገር ውስጡ አከራይ ያለ ጥያቄ ይታመናል ማለት አይደለም። የዴጆን እሳት ያስተማረን ይህንኑ ነው። ለውጭው አከራይ የሚቀርበው ጥያቄ ሁሉ ለአገር ውስጡም መቅረብ አለበት።

ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። አንደኛው አዲስ የመጣውን ሁሉ እንደ ሥልጣኔ ምልክት የሚያይ ነው። ይህ አመለካከት ጎረቤት መሥሪያ ቤት ስለገባበት ብቻ ይገባል፤ ወጪውን ሳያሰላ ስሙን ይገዛል። ሁለተኛው ከእጁ የወጣውን ሁሉ እንደጠፋ የሚቆጥር ነው። ይህኛው ደግሞ በደረጃ ሥር ያለችውን አሮጌ ሰርቨር «ንብረታችን ናት» እያለ ይጠብቃል፤ ቅጂዋን ግን ለዓመታት አልወሰደም። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሒሳብ አልሠሩም።

ትክክለኛው መንገድ ሥራን ከሥራ ለይቶ መመዘን ነው። መጠኑ የሚዋዥቅ፣ አዲስ የሚሞከር፣ ለጊዜው ብቻ የሚያስፈልግ ሥራ ለኪራይ ይመቻል። ዓመቱን ሙሉ በአንድ መጠን የሚሠራ፣ አባላቱ በየቀኑ የሚፈልጉት፣ ምሥጢርነቱም የከበደ ሥራ ደግሞ በቅርብና በራስ ቁጥጥር ሥር ቢሆን የተሻለ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ድርጅት ሁለቱንም ዓይነት ሥራ ስላለው መልሱም ብዙ ጊዜ የሁለቱ ቅልቅል ነው።

በመሆኑም አንድ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች በጽሑፍ እንዲመለሱለት ማድረግ ይገባዋል።

አንደኛ፣ የአምስት ዓመት ጠቅላላ ወጪው በሁለቱም መንገድ ስንት ነው? ምንዛሪው ቢጨምርስ?

ሁለተኛ፣ የመረጃው ሁለተኛ ቅጂ የት ነው? በማን እጅ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍቶ የተሞከረውስ መቼ ነው?

ሦስተኛ፣ መስመር በተቋረጠ ዕለት ሥራው እንዴት ይቀጥላል?

አራተኛ፣ ቁልፉን ማን ይይዛል? ቁልፍ ያዡ ሥራ ሲለቅ ማን ይረከባል?

አምስተኛ፣ ለመውጣት ብንፈልግ መረጃችንን በምን መልክ፣ በስንት ጊዜና በምን ወጪ እናገኛለን?

ከእነዚህ አምስቱ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። መውጣት የሚችል ተከራይ በዋጋ ይከራከራል፤ መውጣት የማይችል ተከራይ የተባለውን ይከፍላል። አከራዩ ደግ ይሁን ክፉ ልዩነት የለውም፤ ይህ የኪራይ ሁሉ ሕግ ነው፤ የቤት ኪራይ የከፈለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አነስተኛ ማኅበራት እነዚህን ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ለማስመለስ አቅም ላያገኙ ይችላሉ። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ በአንድ ወረዳ ያሉ የቁጠባና ብድር ማኅበራት በዩኒየናቸው አማካይነት አንድ ባለሙያ በጋራ ቢቀጥሩ፣ በጋራም ቢዋዋሉ፣ የእያንዳንዳቸውን ቅጂ በጋራ መዝገብ ቤት ቢያስቀምጡ፣ አንድ ማኅበር ለብቻው የማያገኘውን ዋጋና ጥበቃ ያገኛሉ። ክላውድ በመሠረቱ የመጋራት ሐሳብ ነው። መጋራትን ደግሞ ዕድርና ዕቁብ ላቋቋመ ሕዝብ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። በዕድር ድንኳኑ ይከራያል፤ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፤ ዳኛው ይጠየቃል። ይህንኑ ልማድ ወደ ኮምፒዩተሩ ማሻገር ነው የሚቀረው።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሥራ አመራር ኮሚቴው ተነሥቶ «መዝገባችንን ወደ ክላውድ ልናዛውር ነው» ቢል፣ አባሉ ከማጨብጨቡም ከመቃወሙም በፊት እጁን አውጥቶ «ሁለተኛው ቅጂ የት ነው? ስንወጣስ ምን ይዘን እንወጣለን?» ብሎ ይጠይቅ። ኮሚቴው መልሱ ካለው ውሳኔው በእውቀት ላይ የቆመ ይሆናል። መልሱ ከሌለው ደግሞ ጥያቄው በቃለ ጉባኤው ይስፈር፤ መልሱ እስኪገኝም ፊርማው ይቆይ።